ሰኞ እዚህ፣ እሑድ እዚያ

እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚህ ሰፈር መተኛት ግዴታ ነው። ማንም በአዋጅ ያወጣው ነገር አይደለም፤ ብቻ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያ ሁሉ ታሮ የሚሉት ሥራሥር፣ ያ ሁሉ በኮኮናት ወተት የበሰለ ቅጠል፣ ያ ሁሉ የአሳማ ሥጋ ከተበላ በኋላ ሰው በየምንጣፉ ይዘረራል፣ ውሻው በየደረጃው ሥር ይዘረራል፣ መንገዱ ላይ መኪና አያልፍም፣ ባሕር ውስጥ የገባ ልጅ ከተገኘ የመንደሩ ሽማግሌዎች አባቱን ጠርተው ልኩን ይነግሩታል። እኔ ግን አልተኛሁም። በጀርባዬ ተንጋልዬ የጣሪያውን ማገር እያየሁ የሴፎን ማንኮራፋት አዳምጣለሁ። ሴፎ አከራዬ ነው፤ ቤቱ ግድግዳ ስለሌለው የሱ ማንኮራፋት የኔም ነው። ከአንዱ ምሰሶ እስከ ሌላው ይሄዳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አውቶቡስ ነጂ ነኝና ሞተር ሲያርፍ እደነግጣለሁ፤ ጠፋ ወይስ ሊነሣ ነው እያልኩ ስጠብቅ እንቅልፌ ይብሱን ይሸሻል። በሱ አሳበብኩ እንጂ እንቅልፍ የነሳኝ እንኳ እሱ አይደለም። እንቅልፍ የነሳችኝ እናቴ ናት። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት እናቴ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ስልክ በገዛ ጆሮዋ ላይ አድርጋ የኔን ድምፅ ልትሰማ ነው፣ ያውም ስለ ኳስ፣ ያውም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ያውም በኮፍያ ሥር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልያዘው፣ አለዚያ ለራሴም ይጠፋብኛል። ዕድሜያቸው ከአሥራ ስድስት ያላለፈ ሴት ልጆች ናቸው ከየደሴቱ ለኳስ ውድድር ተጠራርተው እዚህ ሳሞአ፣ አፒያ ከተማ የመጡት። ፊጂ አለች፣ ቶንጋ አለች፣ ታሂቲ አለች፣ ሶሎሞን አለች፣ የኛም ኩክ ደሴቶች አለች፤ የኛ በረኛ ደግሞ ኢናንጋሮ ናት፣ የእህቴ የንጋፖኮ ልጅ። ከሳሞአ ጋር የሚጫወቱት ትናንት ቅዳሜ ነበር። ትናንት ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ። ዳኛዋ ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ ከፍ አድርጋ ለቀቀቻት፣ ኳሷ አልነጠረችም፣ ጧ ብላ እዚያው ውኃው ውስጥ ቁጭ አለች። ጨዋታው ይተላለፍ ተባለ። ወደ እሑድ እንዳይሉት እሑድ እዚህ አገር ኳስ ቀርቶ ብርቱካንም አይንከባለልም፤ የሰኞ ከሰዓት ደግሞ በሌላ ጨዋታ ተይዟል፣ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አሉ። ሰንበት ተከበረ ተብሎ ተጨበጨበ። እኔ ብቻ መሪዬ ላይ ግንባሬን ደፋሁ፤ እዚህ ሰኞ ሦስት ሰዓት ሲሆን እኛ ቤት፣ አይቱታኪ፣ እሑድ አራት ሰዓት ነው፣ ደወሉ ተደውሎ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ የሚገባበት ሰዓት። በመካከላችን ባሕሩ ላይ አንድ የቀን መስመር አለ። ማንም በዓይኑ አይቶት አያውቅም፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተደናቅፌ ወድቄበታለሁ።

«ከራሳቸው እሑድ አንሥተው እኛ እሑድ ላይ ጣሉት» አለች ንጋፖኮ ዛሬ ቀትር ላይ ስነግራት። እዚያ ገና ቅዳሜ ነው፤ የነገ ነጭ ቀሚሷን ትተኩሳለች፣ የካውያው ድምፅ በስልኩ ይሰማኛል።

«ታዲያ ሬዲዮ የለም?»

«በዚያ ሰዓት ሬዲዮው ራሱ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«በስልክ ምስሉን ለምን አታይም?»

«በሰንበት? ጉባኤ መሐል? ጤና የለህም እንዴ?»

ከኋላ የእናቴ ድምፅ መጣ። እንደ ወትሮው ነው፤ እናቴ እኔን አታናግረኝም፣ ስልኩ አጠገብ ቆማ ንጋፖኮን ነው የምታናግረው። «ለአፒያው ሰውዬ ንገሪው» አለች።

«ለአፒያው ሰውዬ ንገሪው ትላለች» አለች እህቴ።

«ሰምቻታለሁ።»

«ሰምቻታለሁ ይላል፣ እማዬ።»

«እኔ መቼ አናገርኩትና ነው የሚሰማኝ?»

አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ስልክ፣ በአስተርጓሚ። ልደት፣ ሞት፣ የጣሪያ መፍረስ፣ የጥርስ ማስነቀል፣ ሁሉም በንጋፖኮ አፍ አልፎ ነው የሚደርሰኝ፤ ምስኪኗ እህቴ አንዳንዴ ይደክማትና «ያው የሰማኸው ነው» ብላ ታልፈዋለች። ዛሬ ግን እናቴ አንድ ነገር አሰበች። እሱ ጋ ሰኞ ነው አይደል፣ አለች። ሰኞ ነው፣ አለች ንጋፖኮ። ሰኞ ቀን ኳስ ማየት ኃጢአት ነው? አይደለም። ጥሩ፣ እሱ አይበድልም፤ እኔ ደግሞ ኳስ አላይም፣ ኳስ አልሰማም፣ ልጄን ነው የምሰማው፣ ልጅን መስማት የተከለከለው የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው? ልጄን አለች። ከምንጣፌ ላይ ቀና አልኩ። እሷም ያመለጣት ገባት መሰለኝ ወዲያው «ያንን ሰውዬ» ብላ አረመችው።

ከዚያ ፍርዱ መጣ። «አንድ ነገር ንገሪው። የሆነውን እንደሆነ ይንገረኝ። ገባ ከሆነ ገባ ይበል፣ ወጣ ከሆነ ወጣ ይበል። እኔን ደስ ለማሰኘት ብሎ አንዲት ቃል ቢያጣምም ስልኩን እዘጋዋለሁ፣ ሁለተኛ ድምፁን አልሰማም፣ ብሞትም ለቀብሬ አይምጣ።» ንጋፖኮ «ያው የሰማኸው ነው» አለችኝ።

ስልኩን ኮፍያ ውስጥ መደበቅ የንጋፖኮ ሐሳብ ነው። የእናቴ የእሑድ ኮፍያ፣ ከኮኮናት ለጋ ቅጠል ጠብቆ የተጎነጎነ፣ ነጭ፣ ሠርቶ ለመጨረስ ሦስት ሳምንት የወሰደ፣ ማንም እንዲነካው የማይፈቀድለት። ውስጡ በግራ በኩል ንጋፖኮ ለስልኩ ኪስ ሰፍታበታለች። በቀኝ ጆሮዋ እንኳን እኔን ደወሉንም በደንብ አትሰማም። ስልኩ ስለሚከብድ ኮፍያው ወደ ግራ ይጎትታታል፤ ንጋፖኮ መልሳ ደውላ እንደነገረችኝ፣ አንገቷን እያቀናች ስትለማመድ ነው ያለችው። እናቴ ምልክትም አውጥታለች። አንዴ ካሳለች ገብቶኛል ማለት ነው፣ ሁለቴ ካሳለች ድገምልኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ምናልባት ይሄ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ተንኮል ይሆናል፣ እንዴት እንዳማረባት።

ጠቡ የተነሣው በአንድ ዓርብ ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ግድም ነው፣ መንግሥት ቀናችን ከአውስትራሊያና ከኒው ዚላንድ ቀን ጋር ይግጠም ብሎ መስመሩን ወደ ማዶ ገፋው፤ ሐሙስ ማታ ተኝተን ቅዳሜ ነቃን። መሐል ላይ የነበረው ዓርብ፣ ዲሴምበር ሠላሳ፣ ተዘለለ። ዲሴምበር ሠላሳ ደግሞ እናቴ የተወለደችበት ቀን ነው፣ ያን ዓመት ሰባ ዓመት ሞላት፣ እኔም በየዓመቱ ጠዋት ደውዬ ሳልዘምርላት ቀርቼ አላውቅም። ቅዳሜ ተነሥቼ የቀን መቁጠሪያውን አየሁና፣ ሠላሳ የለም፣ ሠላሳ ከሌለ ልደት የለም፣ ብዬ በሰላም ዓሣዬን ጠበስኩ። ያን ሰዓት ለካ አይቱታኪ ላይ ዓርብ ዲሴምበር ሠላሳ ገና እየነጋ ነው። በማግሥቱ ስደውል፣ እማዬ ቀኑ እኮ አልነበረም፣ አልኳት እየሳቅሁ። «እኔ ጋ ነበረ» አለች። «ከጠዋት እስከ ማታ ስልኩ አጠገብ ተቀምጬ ውዬበታለሁ።» በቀጥታ የተናገረችኝ የመጨረሻው ነገር ይሄ ነው። አሁን ሳስበው ፊቴን ምንጣፉ ውስጥ እቀብራለሁ፣ ምንጣፉ ደግሞ የዓሣ ዘይት ይሸታል።

እሷ የማታውቀው ሌላ አለ። ወደዚህ የመጣሁት ለሦስት ሳምንት ነበር። የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ፣ እዚህ ወደብ ላይ ፓምፑ ተሰበረ፣ መለዋወጫው ከሩቅ አገር እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። ለናቴ ደወልኩ፤ መለዋወጫው እንደመጣ እመጣለሁ አልኳት። እየጠበቅን ሳለ የሴፎ ወንድም ጀርባውን አመመውና አውቶቡሱን አንድ ሁለት ቀን ያዝልኝ አለኝ። በእንጨት የተሠራች፣ በቢጫና በቀይ የተቀባች፣ ዘፈኗ ከሞተሯ ይበልጥ የሚጮህ አውቶቡስ ናት። አሮጊቶች እላዬ ላይ የሙዝ ዘለላ እየደገፉ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ» ይሉኛል፣ አወርዳቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል። አይቱታኪ ላይ እኔ የዲያቆኑ ልጅ ነበርኩ፤ ስስቅም ስቆጣም የዲያቆኑ ልጅ። እዚህ ግን ራሮ ነኝ። ከዋናው ደሴት ከራሮቶንጋ አይደለሁም ብዬ መቶ ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ፣ ለነሱ ከዚያ ማዶ የመጣ ሁሉ ራሮ ነው። መለዋወጫው በአምስተኛው ወር መጣ፣ ዳቦ በምታክል የእንጨት ሣጥን። መርከቧ ስትነሣ እኔ የገበያው ፌርማታ ላይ ነበርኩ፣ ሞተር እንዳጠፋሁ፣ ከኋላዬ ተሳፋሪ «አትሄድም እንዴ?» እያለ። ለናቴ ገና አልመጣም አልኳት። በሚቀጥለው ወርም ገና። በዓመቱም ገና። አንድ ፓምፕ ስንት ዓመት ይጠበቃል ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተጠየቅኩም ብዬ ቀጠልኩ። የመርከቧ መስመር ወደ ሰሜን ደሴቶች ተዛወረ ሲሉኝ እፎይ አልኩ፣ በኛ በኩል አታልፍም ማለት ነዋ።

ሐሙስ ዕለት የኛን ልጆች ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ። ኢናንጋሮ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ ስለያት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች ልል አልኩና ስለያት ገና አልተወለደችም ነበር። ቁመቷ የበሩን አናት ይነካል።

«አጎቴ መለዋወጫው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«ማን?»

«አያቴ እንደዚያ ነው የምትልህ። ስልክ ሲጮህ፣ መለዋወጫው ነው እንዴ፣ ትላለች።»

አሥራ ስምንቱም ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ መሪውን አጥብቄ ይዤ። ምስኪን እናቴ፣ እስካሁን አምና ትጠብቃለች ማለት ነው፣ ብዬ አዘንኩላት።

ሴፎ ማንኮራፋቱን አቆመ። ነቅቷል። «ራሮ፣ አልተኛህም?»

«ሴፎ፣ ኦፍሳይድ ማለት ምን ማለት ነው?»

ተነሥቶ ተቀመጠ። ሴፎ ኳስ ሲጠሩለት ከመቃብርም ይነሣል። ትራሱን መሐል ላይ አደረገ፣ ይሄ ተከላካይ ነው አለ፤ የጎማ ጫማውን ከትራሱ ወዲያ አስቀመጠ፣ ይሄ አጥቂ ነው፣ ኳሷ ከመመታቷ በፊት እዚህ ከቆመ ጥፋት ነው። ጫማውን ወደ ወዲህ አመጣ፣ እዚህ ከቆመ ጥፋት አይደለም። ታዲያ ትራሱ ቢንቀሳቀስስ፣ አልኩት። ትራሱን አነቃነቀ፣ ጫማውን አነቃነቀ፣ ግራ ገባውና የኔንም ጫማ ጨመረበት። ከወባ አጎበሩ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ መጣ፦ «ሴፎ፣ ሰንበት ነው። ትራሱን ነገ ታጫውተዋለህ።» ተኛ። ምንም አልገባኝም። ነገ ኦፍሳይድ ከተባለ፣ ጥፋት ነው፣ እላታለሁ፤ ጥፋት እናቴ ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሴፎ ስታዲየሙ ውስጥ ከጎኔ የሳሞአን ባንዲራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ሜዳው ከትናንት በስቲያው ዝናብ ያብለጨልጫል፣ ፀሐይዋ ከወዲሁ አናት ትበሳለች፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው። «ገብተናል» አለች ንጋፖኮ በሹክሹክታ። «አሁን ኮፍያው ውስጥ ላስገባህ ነው።» ኮሽታ ሆነ፣ የቅጠል መፋተግ፣ ከዚያ የእናቴ ትንፋሽ። የእናቴ ትንፋሽ እኮ ነው። ምን ልበል? ደህና አደርሽ ልበል? እዚያ ሆና መልስ መስጠት አትችልም። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። አንዴ ሳለች።

ጀመርን። ኳስ ማውራት ለካ ኳስ ከመጫወት ይከብዳል። የኛዎቹ ወደ ባሕሩ ወገን ያጠቃሉ አልኳት፣ ሳሞአ ወደ ተራራው ወገን። አንዴ ሳለች። አንዷ ሰባት ቁጥር ለሌላዋ ሰጠቻት፣ ሌላዋ ተንሸራተተች፣ ጭቃ ነው፣ ተነሥታለች፣ ቀሚሷን እያራገፈች ነው። ሁለቴ ሳለች። ቁምጣዋን፣ ቁምጣዋን እያራገፈች ነው። አንዴ ሳለች። ከኮፍያው ማዶ መጋቢው ስብከቱን ጀምሯል፣ ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሊሸሽ ተነሣ ይላል፣ የምትሄድ መርከብም አገኘ። ከስንት ዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያኔን ብሰማ ሌላ ስብከት ጠፍቶ ነው? ቅጣት ምት ለሳሞአ፣ አልኩ ቶሎ ብዬ፣ ከመሐል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ። ሁለቴ ሳለች። ግን የእናቴ ሳል ብቻ አልነበረም። ከጎኗ አንድ ወፍራም ሳል፣ ከኋላ አንድ የሽማግሌ ሳል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ቀጭን የልጅ ሳል፣ ሁሉም ሁለት ሁለቴ። የስልኩ ድምፅ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል ማለት ነው። ለአንዲት አሮጊት ሳይሆን ለመላ መንደሩ ነው ለካ የማወራው። ደገምኩት።

ሠላሳኛው ደቂቃ አልፎ ነው። የሳሞአዋ አሥር ቁጥር ከሩቅ መታች፣ ደካማ ምት፣ ሴት አያት የምትይዘው ዓይነት። ኢናንጋሮ ጎንበስ አለች፣ ኳሷ ጭቃው ላይ ተንሸራታ በእግሯ መሐል ሾልካ ገባች። ሴፎ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ይደንሳል፣ ስታዲየሙ በሙሉ ይደንሳል። እኔ ደግሞ አፌ በራሱ ተከፈተና «ወጣች» አለ። «ለጥቂት ወጣች፣ እማዬ።»

ሳል የለም። ሕዝቡ በዚህ በኩል ጎል እያለ ይጮሃል፣ ኮፍያው ደግሞ ደንቆሮ አይደለም። ኢናንጋሮ ግቡ ውስጥ ተቀምጣ ፊቷን በጓንቷ ሸፍናለች። ያቺ ልጅ ኳሷ ከኋላዋ ቁጭ ብላ እያየች፣ ወጣች፣ ማለት አትችልም፤ ተነሥታ፣ አንሥታ፣ ለመሐል ሜዳ መስጠት አለባት። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ኳሷን ከመረቡ አወጣች፣ በመለያዋ ጭቃውን ጠረገችና ወረወረቻት። አሁን ይዘጋል፣ አልኩ በልቤ፣ አሁን ስልኩ ይዘጋል፣ ለቀብሯም አልሄድም።

«እማዬ፣ ዋሸሁ» አልኩ። «ገብታለች። በእግሯ መሐል ነው የገባችው፣ ቀላል ኳስ ነበረች፣ አመለጠቻት። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው።» እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፍሬን አልያዘልኝም። «መለዋወጫውም መጥቶ ነበር። በአምስተኛው ወር ነው የመጣው። መርከቧ ተጠግና ሄደች፣ እኔ ነኝ የቀረሁት፣ ማንም አላስቀረኝም፣ እኔ ነኝ። አውቶቡስ መንዳት ስለወደድኩ ነው። እየዋሸሁሽ ነው የኖርኩት፣ ይቅር በይኝ።» ሴፎ ዳንሱን አቁሞ፣ አንድ እግሩ ወንበር ላይ፣ አንዱ አየር ላይ፣ ያየኛል።

በስልኩ ውስጥ ያ ባለ ወፍራም ሳሉ ሰውዬ ሳለ። ሁለቴ። ሽማግሌው ሳለ፣ ሁለቴ። ልጁም፣ ሴቶቹም፣ ከቀኝም ከግራም፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጉንፋን የገባበት እስኪመስል ሁለት ሁለቴ ሳለ። ድገምልን ነው የሚሉት። ምን ላድርግ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመለዋወጫው ጀምሬ እንደገና ነገርኳቸው። ስጨርስ እናቴ ሳለች። አንዴ። ስልኩም አልተዘጋም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጉሮሮዬ ሲደርቅ ሴፎ የሚጠጣውን ኮኮናት አቀበለኝ፤ ጠላት ለጠላት ማለት ነው። የኛዎቹ ገፉ፣ ቋሚውን መቱ፣ ኦፍሳይድ ተባለ፣ ጥፋት ነው አልኳት። አቻ ብንወጣ እንኳ ወደ ግማሽ ፍጻሜ እናልፋለን፣ ግን ጎሉ እምቢ አለ። ሊያበቃ አሥር ደቂቃ ሲቀረው የኛዋ ተከላካይ ኳሷን በእጇ ነካች። ፔናሊቲ። ተናገርኩ፣ እንደሆነው፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ በእጇ ነው የነካችው፣ እኔም አይቻለሁ። ያቺው አሥር ቁጥር ቆመች። ኢናንጋሮ እጆቿን ዘረጋች። «አሁን ልትመታ ነው። ወደ ኋላ ሄደች። እየሮጠች ነው። ወደ ቀኝ መታች፣ ኢናንጋሮም ወደዚያው ወደቀች፣ እማዬ፣ እጇ ላይ ናት፣ ኳሷ እጇ ላይ ናት፣ ታቅፋታለች።»

መጀመሪያ የእናቴ ድምፅ ነው የወጣው። ሳል አልነበረም። ከሆድ የሚነሣው የአገራችን መዝሙር፣ አንዲት ሴት ባለችበት ተቀምጣ የምታነሣው፤ ያነሣችው እሷ ናት፣ በስብከት መሐል፣ ኮፍያዋ ወደ ግራ አጋድሎ። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ከሥር ወንዶቹ በጉሮሯቸው ደቁ፣ ስልኬ እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሲበርድ የመጋቢው ድምፅ ቅርብ መጣ፣ ከኮፍያው አጠገብ ጎንበስ ያለ መሰለኝ።

«ማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጄ፣ ያዘቻት ነው ወይስ አወጣቻት?»

«ያዘቻት፣ መጋቢ።»

«ተመስገን» አለና ወደ ዮናስ ተመለሰ። ዓሣው ወደ የብስ እስኪተፋው ድረስ ያለውን አሳጠረው።

አንድ ለዜሮ አለቀ። አላለፍንም። ኢናንጋሮ ሜዳው መሐል ቆማ ወደ ሕዝቡ ታያለች፣ እኔን የምትፈልግ መሰለኝ፣ ባዶ እጄን አወዛወዝኩላት፣ ሴፎም ባንዲራውን አወዛወዘላት። ስልኩ ውስጥ የእግር ኮቴ፣ የጠጠር ድምፅ፣ የቅጠል መፋተግ፤ ከኮፍያው ወጣሁ። ንጋፖኮ ልትቀበላት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«ስማ» አለች እናቴ። ለንጋፖኮ አልነበረም።

«አቤት፣ እማዬ።»

«መርከቧ እዚህ መጥታ ነበር።»

«የትኛዋ?»

«ያንተዋ። በዓመቱ ነው የመጣችው፣ ዱቄት አራግፋ ሄደች። ከዚያ በኋላም ሁለቴ መጥታለች። ካፒቴኑ እኔ ቤት ምሳ በልቷል። ልጅዎ አውቶቡስ ይነዳል፣ ወፍሯል፣ ደህና ነው አለኝ።»

ስታዲየሙ ባዶ እየሆነ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ መቆሜንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ገና፣ ያ ሁሉ አልመጣም፣ ጎተራዋ ውስጥ በዚያችው መርከብ የመጣ ዱቄት ተቀምጦ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትነግረኝ።»

«ዓርቡስ? የተቆጣሽው ስለ ዓርቡ አልነበረም?»

«ስለ ሁለቱም ነው። የፓምፑን ዛሬ ጨረስክ። ዓርቧ ገና አለችብህ።» ትንፋሿን ሰበሰበች፤ የረጅም ጊዜ ንግግር እንዳዘጋጀች ገባኝ። «ንጋፖኮ እንደምትለው ከዚያ ዲሴምበር ሠላሳ አንድ የተነሣ ሰው እዚህ ሲደርስ ዲሴምበር ሠላሳ ነው። እውነት ነው ወይስ ይሄም እንዳንተ ወሬ ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ፣ መስመሩን ወዲህ፣ መስመሩን ወዲያ። ሴፎ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ምን እንደምቆጥር አያውቅም፣ ብቻ ራሱን ነቀነቀልኝ።

«እውነት ነው፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ያቺን ቀን ይዘህልኝ ና።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሁለቴ ሳለች።

«እመጣለሁ፣ እማዬ» አልኩ ደግሜ።

አንዴ ሳለች።